የአንድ ፀጉር ክፍተት፤ ስለ ሰርኪዩት ቦርድና ስለ ራዲዮ ረብሻ

በ1975 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ የኮምፒዩተር ወዳጆች ክበብ ባደረገው ስብሰባ ላይ ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ ሰው አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒዩተር ይዞ ቀረበ። ይህ ኮምፒዩተር እንደ ዛሬዎቹ አልነበረም። በፊቱ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ መብራቶችና ማብሪያ ማጥፊያዎች በቀር የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ድምፅ ማውጫማ ጨርሶ አልነበረውም። ዶምፒየር አንዲት ትንሽ ራዲዮ ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጠ፤ ፕሮግራሙንም በማብሪያ ማጥፊያዎቹ አንድ በአንድ አስገብቶ ባስጀመረው ጊዜ ራዲዮዋ የቢትልስን አንድ ዘፈን ታዜም ጀመር። ዘፈኑን የላከው የራዲዮ ጣቢያ አልነበረም። የላከው ያው ኮምፒዩተር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ኤሌክትሪክ በፍጥነት በበራና በጠፋ ቁጥር ከኃይሉ ጥቂቱ ሞገድ ሆኖ ወደ አየር ያመልጣል። ዶምፒየር ማሽኑ አንዳንድ ትእዛዞችን ደጋግሞ እንዲፈጽም አደረገና የድግግሞሹን ፍጥነት ከዜማው ቃና ጋር አስማማው። ራዲዮዋ የያዘችው ይህንኑ ያመለጠ ሞገድ ነው። ተሰብሳቢዎቹ በነገሩ እጅግ ተደሰቱ። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ጊዜ የመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያ ማሽን ዜማ በማይጫወትበት ጊዜ፣ ይኸውም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል፣ በጎረቤት ቤት ያለችው ራዲዮ ምን ትሰማ ነበር?

መልሱ ብዙ አልዘገየም። በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ኮምፒዩተሮች ወደ አየር ሊለቁት የሚፈቀደውን የሞገድ መጠን የሚወስን ደንብ አወጣ። ከ1977 ጀምሮ በሰፊው ይሸጥ የነበረው ቲ አር ኤስ 80 ሞዴል 1 የተባለ ኮምፒዩተር ይህን ደንብ ለማሟላት ስላልቻለ በ1981 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1989 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቶ ከ1996 መጀመሪያ አንሥቶ የግድ እንዲጠበቅ አደረገ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሞገድ ረብሻ የሚባለው ነገር የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጉዳይም ሆነ ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መዳብና ስለ ሙጫ ምን አገባው የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። ስሌቱ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ቢሆንም ሁካታው የሁላችንም ነው። ደግሞም ነገሩን ስመረምረው ዋናው ቁም ነገር የሚያርፈው በጣም ትንሽ በሆነች ነገር ላይ ሆኖ አገኘሁት፤ በቦርዱ ሆድ ውስጥ በተቀበሩ በሁለት የመዳብ ንጣፎች መካከል ባለችው ክፍተት ላይ። ይህች ክፍተት አንዳንዴ እንደ አንድ ወፍራም ፀጉር የቀጠነች፣ አንዳንዴ ደግሞ ከዚያ አሥር እጥፍ የምትበልጥ ናት። ልዩነቱን ዕቃውን የገዛው ሰው በዐይኑ አያየውም። ራዲዮው ግን ይሰማዋል።

በመጀመሪያ ቦርዱን እንመልከት። የሞባይል ስልክ ወይም የኮምፒዩተር ሽፋን ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴ ሰሌዳ «ሰርኪዩት ቦርድ» ይባላል። ከመስታወት ክር ተሸምኖ በሙጫ ከተጋገረ ነገር የተሠራ ነው፤ በላዩ የመዳብ መሥመሮች እንደ መንገድ ተዘርግተዋል። ርካሾቹ ቦርዶች መዳብ ያላቸው በላይና በታች ብቻ ነው። ደኅና የሚባሉት ግን እንደ ፎቅ ቤት አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ከዚያም በላይ ደርብ አላቸው። በባለ አራት ደርቡ ቦርድ ዘንድ የተለመደው አሠራር ላይኛውና ታችኛው ደርብ መልእክት የሚያመላልሱ መሥመሮች ሲሆኑ፣ ሁለቱ መካከለኛ ደርቦች ግን መሥመር ሳይሆኑ ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍኑ ሙሉ የመዳብ ንጣፎች ይሆናሉ። አንደኛው ንጣፍ ኃይል ያድላል፤ እሱን «የኃይል ንጣፍ» እንበለው። ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው፤ «የመሬት ንጣፍ» ይሉታል። ይህ «መሬት» የምንረግጠው አፈር አይደለም። ፈረንጆቹ በጥንት ጊዜ የቴሌግራፍን መመለሻ ሽቦ በእውነተኛው መሬት ስለ ተኩት ስሙ እንዲሁ ተጣብቆ ቀረ እንጂ፣ በኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ምን መሬት አለው?

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ የሚወለድ ነውና። ሄዶ የማይመለስ ኤሌክትሪክ የለም። አንድ ቺፕ ለሌላ ቺፕ መልእክት በላከ ጊዜ፣ በመሥመሩ የሄደው ሁሉ በሌላ መንገድ ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት። መሐንዲሱ መሄጃውን ሣለ እንጂ መመለሻውን ብዙ ጊዜ አይሥለውም፤ ኤሌክትሪኩ ግን ተሣለለትም አልተሣለለትም መንገዱን ፈልጎ ይመለሳል። መሄጃውና መመለሻው አንድ ላይ ቀለበት ይሠራሉ። ይህ ቀለበት ሳይፈልግ የተፈጠረ አንቴና ነው፤ ወደ አየር የሚለቀው ሞገድም በቀለበቱ ውስጥ በተከበበው ስፋት ልክ ይበዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍጥነቱ ነው። በሴኮንድ ውስጥ የሚደረገው ንዝረት እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚለቀቀው ሞገድ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ በሆነ ጊዜ ዘጠኝ እጥፍ። የ1975 ማሽኖች በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ ይመቱ ነበር። የዛሬዎቹ በሺህ ሚሊዮኖች ነው የሚቈጥሩት። እንግዲህ ዛሬ በየኪሳችን ያሉት ስልኮች አገሩን ሁሉ በጩኸት አለመሙላታቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ያላደረጉትም በአብዛኛው መመለሻቸው ቅርብ ስለ ሆነ ነው።

ንጣፉ የሚጠቅመው በዚህ ነው። ዝግ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ለምሳሌ ከባትሪ የሚወጣው ዐይነት፣ ሲመለስ በንጣፉ ላይ እንደ ጎርፍ ተበትኖ ይመለሳል። ፈጣኑ ግን እንዲህ አያደርግም። ንዝረቱ ወደ ሚሊዮን ሲጠጋና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ልክ ከሄደበት መሥመር ሥር፣ እንደ ጥላ፣ ተከትሎት ይመለሳል። መሥመሩ ቢጠመዘዝ አብሮ ይጠመዘዛል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መሥመር ከንጣፉ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከራቀ ቀለበቱ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ንጣፉ በሌላው የቦርድ ገጽ ላይ ሆኖ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ግን 150 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያው መሥመር፣ ያው መልእክት፣ ጩኸቱ ግን ሰባት እጥፍ ተኩል። ንጣፉ በመካከል ተቈርጦ ከሆነ ደግሞ ጥላው መንገዱን ስቶ በስንጥቁ ዙሪያ ስለሚዞር የሚብሰው ያኔ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሥመርና ስለ ንጣፍ ነው። ርእሳችን ግን ሁለቱ ንጣፎች፣ ኃይልና መሬት፣ እርስ በርሳቸው ስላላቸው ርቀት ነውና ወደዚያው እንለፍ።

ቺፕ ኃይል የሚፈልገው በእርጋታ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቈይቶ፣ በአንድ ቅጽበት፣ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ይጠይቃል፤ ወዲያው ደግሞ ዝም ይላል። የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነች ለመረዳት ይህን ማሰብ ይበቃል፤ ብርሃን በባዶ ቦታ በዚያች ቅጽበት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በቦርዱ ሙጫ ውስጥ ግን ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ። እንግዲህ የኃይሉ ምንጭ ከቺፑ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ቺፑ በዚያች ቅጽበት የጮኸውን ጩኸት ምንጩ ገና አልሰማውም። ስለዚህ ከምንጩ በፊት በአቅራቢያው የተጠራቀመ መኖር አለበት። ወንዙ ሩቅ ከሆነ እቤት ውስጥ እንሥራ ይቀመጣል፤ እንሥራው ከጓዳ ከሆነ ደግሞ ከማድጋው አጠገብ ጣሳ ይኖራል። በቦርዱ ላይ እንሥራው ካፓሲተር የተባለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ በየቺፑ ዙሪያ እንደ ስንዴ ፍሬ ተሰጥቶ ይታያል። ካፓሲተሩ ግን ፈጣን አይደለም። ከንጣፉ ጋር የሚያገናኙት ቀዳዳዎችና የራሱ አካል ኢንዳክታንስ የሚባለው እልከኝነት አላቸው፤ ይህም ማለት እንደ ተጫነ ጋሪ ለመነሣትም ለመቆምም የሚያስቸግሩ ናቸው። የተለመደው የ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አንድ ናኖ ሄንሪ ያህል እልከኝነት ቢኖረው ንዝረቱ ከ16 ሜጋ ኸርትዝ ካለፈ በኋላ ካፓሲተርነቱ እየደከመ እልከኝነቱ ብቻ ይቀራል።

ከዚያ በላይ ያለውን የሚያድለው ጣሳው ነው፤ ጣሳውም ሁለቱ ንጣፎች ራሳቸው ናቸው። ሁለት መዳቦች ፊት ለፊት ተቀምጠው በመካከላቸው ሙጫ ካለ እነርሱም ካፓሲተር ናቸውና። ይህ ጣሳ ምን ያህል ይይዛል? እዚህ ላይ ነው ክፍተቱ የሚገባው። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ በተለመደው ሙጫ ተሠርቶ ንጣፎቹ 1.2 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ የሚይዙት ወደ 0.33 ናኖ ፋራድ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ግን ወደ 3.9 ናኖ ፋራድ ይደርሳል። ይህን ወደ ዕንቅፋት ብንለውጠው በ100 ሜጋ ኸርትዝ የመጀመሪያው 5 ኦም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሁለተኛው 0.4 ኦም ያህል ነው። ቺፑ ፈጣን ጉርሻውን በፈለገ ጊዜ በአሥራ ሁለት እጥፍ የቀለለ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

እልከኝነቱም እንዲሁ ከክፍተቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ በንጣፎቹ ላይ አንድ ካሬ ሙሉ ሲሻገር፣ ካሬው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት 1.26 ናኖ ሄንሪ ያስከፍለዋል፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት 0.126 ብቻ። ይህ በቍጥር ሲታይ ምንም አይመስልም። ነገር ግን በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ አንድ አምፔር የሚነሣ ቢሆን በመጀመሪያው ቦርድ ላይ 1.26 ቮልት ይናወጣል፤ በሁለተኛው 0.13 ቮልት ገደማ። ቺፑ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ወይም ከዚያ ባነሰ መሆኑን ያወቀ ሰው 1.26 ቮልት ቀልድ አለመሆኑ ይገባዋል። ይህም ኤሌክትሪኩ በንጣፉ ስፋት ሁሉ ተሠራጭቶ ቢሄድ ነው፤ በእውነቱ ግን ወደ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተሰብስቦ ስለሚገባ ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው።

«ይህ የቺፑ ችግር ነው፤ ራዲዮን ምን አገባው?» ቢባል፣ አገባቡ በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት ደርብ በሚለውጥበት ጊዜ ነው። መሥመሩ ከላይኛው ደርብ ተነሥቶ በቀዳዳ ወደ ታችኛው ደርብ ወረደ እንበል። ላይ ሳለ ጥላው በመሬት ንጣፍ ላይ ነበር፤ ታች ከወረደ በኋላ ግን የቀረበው የኃይል ንጣፍ ስለ ሆነ ጥላው ወደዚያ መሻገር አለበት። በምን ይሻገራል? መሬትንና ኃይልን በመዳብ ቢያገናኙአቸው ቦርዱ ይቃጠላል። ያለው መሻገሪያ ክፍተቱ ራሱ ነው። ክፍተቱ ቀጭን ሲሆን ጥላው ሳይታወቅ ዘሎ ይሻገራል። ሰፊ ሲሆን ግን ሲሻገር ሁለቱን ንጣፎች ይመታቸዋል፤ በመካከላቸውም ሞገድ ተነሥቶ እንደ ተመታ ኩሬ በሁሉም አቅጣጫ ይሠራጫል። በዘመናዊ ቦርድ ላይ እንዲህ ያለ መሻገሪያ አንድ ሁለት ሳይሆን በመቶ የሚቈጠር ነው።

ይህ ሞገድ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱ ንጣፎች ላይና ታቹ የተከደነ፣ ጠርዙ ግን በአራቱም ወገን ክፍት የሆነ ጠፍጣፋ ዋሻ ናቸው። ሞገዱ ከጠርዝ ደርሶ ከፊሉ ይወጣል፤ የሚበዛው ግን ተመልሶ ይመጣል። መሄጃውና መምጫው የተገጣጠመ እንደ ሆነ ዋሻው ያስተጋባል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እምቢልታ የሚነፉ ሰዎች እያንዳንዱ እምቢልታ እንደ ቁመቱ የራሱ ድምፅ እንዳለው፣ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ እንደሚያወጣ ያውቃሉ። ቦርድም እንዲሁ ነው። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ የመጀመሪያ ድምፁ ወደ 715 ሜጋ ኸርትዝ ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 357 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ክፍተቱ የለም። ክፍተቱን ማጥበብ የድምፁን ዐይነት አይለውጠውም። የሚለውጠው ጉልበቱን ነው፤ የቀጠነ ዋሻ ሲመታ የሚነሣው ሞገድ ያንሳል፤ የተነሣውም በመዳቡ ላይ እየተፋተገ ቶሎ ይሞታል። ይህን ሁለቱን ያልለዩ ሰዎች ንጣፎቹን አቀራርበው ማስተጋባቱን ከያዘበት ቃና ያዛወሩ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ እርሱም ገመድ ነው። ከቦርዱ ጠርዝ የሚወጡ ገመዶች፣ የኃይልም ይሁኑ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ጫፋቸው ከተናወጠው ንጣፍ ጋር የታሰረ ነው። ንጣፉ ሲናወጥ ገመዱም አብሮ ይናወጣል፤ አንድ ሜትር የሆነ ገመድ ደግሞ ከምንም ቀለበት የበለጠ አንቴና ነው። በቍጥር ላሳይ። በአሜሪካ ደንብ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ዕቃ ከ30 እስከ 88 ሜጋ ኸርትዝ ባለው ክልል ውስጥ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ሊያደርስ የሚፈቀድለት በሜትር ከ100 ሚሊዮንኛ ቮልት አይበልጥም። ቀደም ብለን ያየነው 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀለበት በ50 ሜጋ ኸርትዝ ይህን ወሰን ለመንካት ከ200 ሚሊ አምፔር በላይ ያስፈልገዋል። የአንድ ሜትር ገመድ ግን 5 ሚሊዮንኛ አምፔር ይበቃዋል! ልዩነቱ አርባ ሺህ እጥፍ ነው። በቦርዱ ላይ ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ፣ መሥመሩ ሁሉ ተመርጦ፣ ንጣፎቹ ግን በጥቂቱ ስለሚናወጡ ብቻ በገመዱ ምክንያት ከፈተና የሚወድቀው ዕቃ ብዙ የሆነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቴክኖሎጂ ወዳጆቻችን ይስቁብናል። በመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ላይ የሚሰማው የርካሽ ቻርጀርና የርካሽ አምፖል ጩኸት በአብዛኛው የንጣፍ ጉዳይ አይደለም። እርሱ ኃይሉን እየቈረጠ የሚያድለው ክፍል ጥፋት ነው፤ የሚመጣውም በግድግዳው ሽቦ በኩል ነው። የንጣፍ ክፍተት ጉዳይ የሚገዝፈው ከዚያ በላይ ባለው ክልል ነው፤ የኤፍ ኤም ራዲዮ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርትዝ፣ ከርሱ ቀጥሎ አውሮፕላኖች ከመቈጣጠሪያ ማማ ጋር የሚነጋገሩበት ክልል፣ ከፍ ብሎም ሞባይል ስልክና ከሳተላይት መንገድ የሚያሳየው ጂ ፒ ኤስ በሚገኙበት። የጂ ፒ ኤስ መልእክት ምድር ሲደርስ ከመድከሙ የተነሣ፣ እርሱን የሚውጥ ጩኸት ለማንሣት ብዙ መልፋት አያስፈልግም፤ በዚያው ስልክ ውስጥ ያለው ቦርድ ራሱ ይበቃል።

እንግዲያውስ ንጣፎቹን ሁልጊዜ ማቀራረብ ነዋ! እንዲህ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ። ችግሩ ቦርዱ ውፍረት አለው። የተለመደው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማሰኪያዎቹም ማቀፊያዎቹም ለዚህ ተሰፍተዋል። አራት ደርብ ብቻ ካለህ በመካከላቸው ሦስት ክፍተት አለ፤ ሦስቱ ተደምረው ወደ 1.6 መሙላት አለባቸው። ፋብሪካዎች በልማድ የሚሠሩት ላይኛውንና ታችኛውን ክፍተት 0.2 ያህል አድርገው መካከለኛውን ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ መተው ነው። ስለዚህ መሥመሮቹ ለንጣፋቸው ቅርብ ናቸው፤ ይህ መልካም ነው። ኃይልና መሬት ግን ሩቅ ለሩቅ ቀሩ። ይህን አይቶ፣ «እኔ ሁለቱን ንጣፎች 0.1 አደርጋቸዋለሁ» የሚል ሰው፣ የቀረውን 1.5 ለላይና ለታች ማካፈል ስላለበት መሥመሮቹን ከንጣፋቸው 0.75 ሚሊ ሜትር ያርቃቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በኔ አስተያየት በባለ አራት ደርብ ቦርድ ከሁለቱ አንዱን መሠዋት ግድ ከሆነ መሥመሩን ለንጣፉ ማቅረብ ይሻላል፤ በቦርዱ ላይ ከአንድ ሺህ ቦታ የሚነሣው ቀለበት ነውና።

ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ጠንቃቃ መሐንዲሶችም ይመርጡታል። ሁለቱንም መካከለኛ ንጣፎች መሬት ያደርጓቸዋል፤ ኃይሉን ደግሞ በላይኛውና በታችኛው ደርብ ላይ በሰፋፊ መዳብ ያድላሉ። የዚህ ጥበብ ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ መሬትና መሬት በመዳብ ቢታሰሩ የሚቃጠል ነገር የለም። መልእክቱ ደርብ በለወጠበት ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ቀድቶ ሁለቱን መሬቶች ማያያዝ ነው፤ ጥላውም እንደ ድልድይ በርሱ ይሻገራል። ክፍተቱ ሰፊ ቢሆንም የሚጎዳው ያንሳል። ስድስት ወይም ስምንት ደርብ ማውጣት የሚችል ደግሞ ሁለቱንም ያገኛል፤ መሥመሮቹን ለንጣፍ አቅርቦ፣ አንድ ጥንድ ኃይልና መሬትን 0.1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ አቀራርቦ መክደን ይችላል። ለዚሁ ተብሎ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ሙጫ ተሠርቷል። እርሱ ግን ውድ ነው፤ ከመቅጠኑም የተነሣ አንዲት ጉድፍ ብትገባበት ኃይልና መሬት ይገናኛሉና ፋብሪካው በከፍተኛ ቮልት ፈትኖ ማስረከብ አለበት።

በዚህ መካከል «የሃያ እጥፍ ሕግ» ስለሚባለው አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም፤ ዛሬም ድረስ አንዳንድ ሰው እንደ ጸሎት ይደግመዋልና። የኃይሉ ንጣፍ ከመሬቱ ንጣፍ ጠርዝ፣ የክፍተቱን ሃያ እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፤ ያን ጊዜ ከጠርዝ የሚወጣው ሞገድ ይቀንሳል ይላል። የ1.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሃያ እጥፍ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ከየጎኑ ይህን ያህል ከ10 ሳንቲ ሜትር ቦርድ ላይ ብናነሣ ለኃይሉ የሚቀረው ከስፋቱ ሩቡ ገደማ ነው፤ ማን ነው ይህን የሚያደርግ? በ0.1 ሚሊ ሜትር ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ማንም ያደርገዋል፤ ያኔ ደግሞ ክፍተቱ ራሱ ስለ ቀጠነ ብዙም አያስፈልግም። ከዚህም በላይ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ሕጉ ሁልጊዜ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዴም እንደሚያብስ አሳይተዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚያ ነውና። ከሁለት ደርብ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስድስት መውጣት ዋጋ አለው። ቺፑ ያው ነው፤ ሽፋኑም ያው ነው፤ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሠራል። ገዢው በሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ልዩነት ስለማያገኝ ርካሹን ይገዛል፤ አይፈረድበትም። የቁጠባው ዕዳ ግን የሚወድቀው በሻጩም በገዢውም ላይ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ ዜና በሚሰማው ሰው ላይ ነው፤ እርሱም በግዢው ውስጥ ድርሻ አልነበረውም፤ ራዲዮውን ለምን እንደሚያንጫጫው እንኳ አያውቅም፤ ምናልባት ራዲዮው አረጀ ብሎ ሌላ ይገዛል። ገበያ ብቻውን ይህን አያስተካክለውም። በ1979ም ሆነ በ1996 ሕግ ያስፈለገው ስለዚህ ይመስለኛል።

ሕጉም ቢሆን የሚያየው ለፈተና የቀረበውን አንዱን ዕቃ ነው። እዚህ ላይ የፋብሪካ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ወጣት መሐንዲስ ግን የሚዘነጋው ነገር አለ። ቦርዱን የሚሥለው ሰው ለፋብሪካው ሥዕሉን ሲልክ የየደርቡን ክፍተት ካልጻፈ፣ «አራት ደርብ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር» ብቻ ብሎ ከተወው፣ ፋብሪካው በእጁ ባለው ሙጫ እንደ ልማዱ ይጋግረዋል። ለፈተና የሄደውን የመጀመሪያውን ቦርድ አንዱ ፋብሪካ ሠርቶት አልፎ ይሆናል፤ በሚመጣው ዓመት ዋጋ የቀነሰ ሌላ ፋብሪካ ሲሰጠው ክፍተቱ ሌላ ይሆናል። ሥዕሉ ያው፣ ቺፑም ያው፣ የፈተናው ወረቀትም ያው ነው። ስለዚህ ክፍተቶቹ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ በሚሊ ሜትር፣ ከሙጫው ዐይነት ጋር፣ በሥዕሉ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ፋብሪካውም ሳይጠይቅ እንዳይለውጣቸው አብሮ መጻፍ አለበት። ይህ አንድ ገጽ አይሞላም።